ባና ካቶንጎ ዶክተሩን ያሰረችበት ሽርጥ

በገበያው ሻይ ቤት የሚወራውን ካመናችሁ፣ ባና ካቶንጎ የሆስፒታሉን ዶክተር በገዛ ሽርጧ ከአልጋ እግር ጋር ጥፍር አድርጋ አስራ፣ «ወንድሜን ሳታይ ከዚህች ንቅንቅ አትልም!» ብላዋለች። ይህ ያነሰበት ደግሞ ዶክተሩ ወንድምየውን አዝሎ እስከ ራጅ ክፍሉ ሮጧል፣ እሷም በላስቲክ ጫማዋ ከኋላ ከኋላው እየነዳችው ነበር ይላል። ባለፈው ሐሙስ በሰማሁት ወሬ ላይ ሁለት ነርሶችና አንድ ዘበኛ ተጨምረው ታስረዋል። በዚህ አያያዝ እስከ ገና የጤና ሚኒስትሩም መታሰራቸው አይቀርም።

ወሬው ይጣፍጣል። ባና ካቶንጎን የሚያውቅ ሰው ሲሰማው ግን ሻዩ ትን ይለዋል።

ባና ካቶንጎ፣ ማለትም የካቶንጎ እናት፣ ልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ድምፅዋ ከማነሱ የተነሳ ደንበኛ ዋጋ ለመስማት ጆሮውን አፏ ላይ ይለጥፋል፤ እዚያ ድረስ ጎንበስ ካለ በኋላ ደግሞ መከራከር ስለሚያሳፍረው ይገዛል። መብረቅ ትፈራለች። እንቁራሪት ትፈራለች። ማኅተም ያለበት ወረቀት ትፈራለች። ፍየል መንገድ ላይ ተኝታ ብታገኝ «ይቅርታ» ብላ ነው የምታልፈው። ከሁሉ በላይ ግን ነጭ ጋውን ትፈራለች። የሕፃናት ክትባት የሚሰጡ ሰዎች ወደ ገበያው ሲመጡ፣ ልጆቿ ሁሉ ጢም አውጥተው ሳለ፣ እሷ ከጨርቅ ክምሯ ኋላ ትደበቃለች። ዶክተር ሙኬላባይ ደግሞ ከቁመቱ የተነሳ ነርሶቹ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ የሚጠይቁት እሱን ነው። አንዲት ሽርጥ እሱን ለማሰር ከጉልበቱ አታልፍም።

እንግዲያ የሆነው ምንድን ነው? የሆነው የሚጀምረው ሆስፒታል ውስጥ አይደለም። ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው፣ ያውም በሳቅ።

እኛ ቤምባዎችና ንጎኒዎች፣ ሁለቱ ጎሳዎች፣ በአያቶቻችን ዘመን እስኪበቃን ተዋግተናል። መዋጋቱ ሲሰለቸን በዚያ ፈንታ ለዘላለም እየተሳደብን ልንኖር ተስማማን። እነሱን አይጥ በላ እንላቸዋለን፤ እኛን ጦጣ በላ ይሉናል። ሁለቱም እውነት ስለሆነ ማንም አይቀየምም። የቀልድ ዘመዳሞች ነንና። የቀልድ ዘመድ የፈለገውን ቢልህ መቆጣት ነውር ነው። ለቅሶ ላይ ደግሞ ቀልዱ ሥራ ይሆናል፤ ንጎኒ ሲሞት ቤምባዎች ሄደን ሟቹን እየመሰልን እንጫወታለን፣ መቃብሩ ውስጥ ገብተን «ካልሸለማችሁን አንወጣም» እንላለን። ያለዚያ ለቅሶው ጨው የሌለው ወጥ ነው።

ንጎኒው ባ ሶኮ፣ አቶ ሶኮ እንደማለት ነው፣ ሲሞቱ፣ አምላክ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የንጎኒዎቹን ለቅሶ ጨው ሊያደርግ የሄደው የባና ካቶንጎ ታላቅ ወንድም ካፔምብዋ ነበር። ካፔምብዋ ዕድሜውን በሙሉ የመዳብ ማዕድኑን አሳንሰር ሲያወጣና ሲያወርድ የኖረ፣ ጠጥቶ የማያውቅ፣ ሳይጠጣ ግን ከጠጡት ሁሉ በላይ የሚያስቅ ሰው ነው። የሟቹን ኮት ለበሰ። ባ ሶኮ ማዕድን ውስጥ ቋጥኝ ከወደቀባቸው ወዲህ እግራቸውን ይጎትቱ ስለነበር፣ እግሩን እየጎተተ በለቀስተኛው መሃል አለፈ። ባ ሶኮ ስብከት ላይ እያንቀላፉ አፋቸውን ይከፍቱ እንደነበረው ከፈተ። ጎረቤቱና የቀልድ ዘመዱ ንካታ፣ ንጎኒው፣ ከዚህ በላይ መታገሥ አቅቶት፣ «ሟቹ ጠምቷቸዋል!» ብሎ አንድ ጣሳ የበቆሎ ጠላ ከአንገቱ ጀምሮ አለበሰው። ሰው በሳቅ ወደቀ።

ከዚያ የማዕድኑ የቀትር ሳይረን ጮኸ፣ ካፔምብዋም የበለጠ ተዋጣለት።

እግሩ ከበፊቱ ይልቅ ተጎተተ። አፉ በአንድ በኩል ወረደ፤ እንዲህ ያለ ጥበብ ማንም አይቶ አያውቅም። ምንጣፉ ላይ ቀስ ብሎ ተዘረጋ። ሳይረን ሲጮህ ወንበር ላይ መውደቅ የባ ሶኮ የድሮ ልማድ ነበርና፣ ባሏ የሞተባት ሴት ራሷ እንባዋን እየጠረገች፣ «እሳቸውን ነው! ቁርጥ እሳቸውን!» አለች። ባና ካቶንጎም ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ሳቀች።

ንካታ ለሽልማት አንድ ጉርሻ ንሺማ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ ጠቅልሎ በግራ እጁ መዳፍ ላይ አኖረለት። ጉርሻው ተንሸራትቶ መሬት ወደቀ።

ካፔምብዋ በሕይወቱ ብዙ ነገር ጥሏል፤ ጃንጥላ ጥሏል፣ የጋብቻ ቀለበት ጥሏል፣ አንዴ የቤቱን ቁልፍ ከነ በሩ ጥሏል። ንሺማ ግን ጥሎ አያውቅም። ባና ካቶንጎ መሳቋን አቆመች።

«ያያ» አለችው፤ ታላቅ ወንድሟን የምትጠራው እንዲህ ነው። «ያያ፣ ይበቃል።»

የፊቱ አንዱ ግማሽ ወደ እሷ ዞረ። ሌላኛው የማያውቃት ሰው ፊት ሆኖ ቀረ። ሊናገር ሞከረና ከአፉ ጠጠር የሞላበት ጣሳ የሚንኳኳ የመሰለ ነገር ወጣ። ለቀስተኛው «ድምፃቸውንም!» ብሎ እንደገና በሳቅ ፈረሰ።

«አትሳቁ» አለች። በዚያች ድምፅ ማን ይስማት? እንደ ሕፃን ከሰው እግር መሃል እየዳኸች ሄዳ የንካታን እጅጌ ያዘች።

«ንካታ፣ ቀልድ አይደለም።»

«እናንተ ጦጣ በላዎች መቼ ነው ቀልድ…»

«እጁን ያዘው።»

ንካታ እየሳቀ እጁን ያዘ። እጁ ውሃ የጠጣ ብርድ ልብስ ሆኖ ተንጠለጠለበት። የንካታ ጥርሶች ወጥተው ቀሩ፤ ሳቁ ግን ከኋላቸው ጠፋ።

በግቢው ውስጥ ያለው መኪና አንድ ነው፤ ቅጠልና ቀይ ጨርቅ ታስሮበት የባ ሶኮን ሣጥን የሚጠብቀው። ሽማግሌዎቹ፣ «የሬሳ መኪና እኮ ነው! ሕያው ሰው ይጫንበታል እንዴ? ሟርት ነው! ደግሞስ ቅድሚያ የሟች ነው» አሉ።

«ባ ሶኮ ከእንግዲህ የሚቸኩሉበት ጉዳይ የላቸውም» አለች ባና ካቶንጎ። የተናገረችው ለራሷ ነበር። ግን በዚያች ቅጽበት ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ስለነበረ ሁሉም ሰማ፣ ሽማግሌዎቹም ከመኪናው ፊት ዘወር አሉ።

ንካታ ነዳ። እሷ ከኋላ፣ ሣጥኑ ሊቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀምጣ፣ የወንድሟን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ መዳፏን አፍንጫው ላይ ያዘች። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ትንፋሹ ይጠፋባታል። እንደገና እስክታገኘው ድረስ የራሷን ትይዛለች። ሟርቱን ደግሞ ሰምታዋለች፤ በሬሳ መኪና የወጣ ሰው በምን ይመለሳል? ቅጠሉንና ቀዩን ጨርቅ ያዩ መኪኖች ሁሉ ዳር ይዘው ቆሙ። ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው መንገድ ዳር ተቀመጡ። ወንዶች ባርኔጣ አወለቁ። እሷ ከላይ ሆና እጇን እያወዛወዘች፣ «አልሞተም! አልሞተም እኮ!» ትላለች። እነሱም በኀዘን አንገታቸውን ይነቀንቁላታል፤ ምስኪን፣ አላመነችም እያሉ።

የሆስፒታሉ ዘበኛ ጨርቁን ገና ከሩቅ አይቶ በሩን ከፈተና፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ወደ ጀርባ በኩል አመለከተ። «ሬሳ ቤቱ በዚያ ነው፣ ቀጥ በሉ።»

«ሰውዬው ይተነፍሳል!» አለ ንካታ።

ዘበኛው በጫፍ እግሩ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። «ታዲያ ለምን እዚህ ላይ ጫናችሁት? ሰው ቀድሞ ይዘጋጃል እንዴ?»

ድንገተኛ ክፍሉ እንደ ደመወዝ ቀን አውቶቡስ ሞልቷል። የሚያዝዙት ሲስተር ጄሬ ናቸው፤ አንድ የወርቅ ጥርስ፣ ሁለት ሰው የሚያህል ትከሻ፣ የሦስት ሰው ድምፅ። ወደ ካፔምብዋ ጎንበስ ከማለታቸው አፍንጫቸውን ያዙ።

«ጠላ! ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ከለቅሶ ቤት» አለች ባና ካቶንጎ።

«ሰክሯላ! እዚያ አግዳሚ ላይ አጋድሙት። ሲነቃ ውሃ ስጡት፣ ከዚያ ይዛችሁት ሂዱ።»

«ሲስተር፣ ይሄ ሰው ጠጥቶ አያውቅም» አለ ንካታ። «ጠላውን ያፈሰስኩበት እኔ ነኝ። በእናቴ መቃብር!»

«አንተ ማነህ?»

«ንካታ።»

«ንጎኒ?»

«ንጎኒ ነኝ፣ ያገርሽ ልጅ።»

«እሱስ?»

«ቤምባ።»

ሲስተር ጄሬ የወርቅ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። «ተያዛችሁ! ባለፈው ፋሲካ አንድ ጦጣ በላ በእጅ ጋሪ ተገፍቶ ሞቻለሁ ብሎ እዚሁ አጠገቤ ደረሰ። ልቡን ላዳምጥ ስል ‹አይጥ ስጪኝ› ብሎ ብድግ! ዓመቱን ሙሉ ሲሳቅብኝ ከረመ። አሁንማ አልሞኝም። ቀጣይ!»

ንካታ ባና ካቶንጎን ወደ ጥግ ሳባት። «ስደቢያት። የቀልድ ዘመድሽ አይደለች? ስትሰደብ ትመጣለች።»

ባና ካቶንጎ ነጩን ጋውን አየች። «አንቺ አይጥ በላ» ብላ ጀመረች፤ በሁለተኛው ድምፅ አገኘች። «አንቺ አይጥ በላ! ጭራው ጥርስሽ መሃል ተሰክቶ ቀርቷል፤ ወርቅ የመሰለሽ እሱ ነው!»

ወረፋው በሳቅ አውካካ። ሲስተር ጄሬ በደስታ ዞሩ። «አቤት ጦጣ በላ! ወንድምሽን ምን አልጋ አስፈለገው? ውጪ ያለው ማንጎ ዛፍ ላይ ስቀይው፣ እዚያ ይለምድለታል!» ሕመምተኛው ሁሉ ሕመሙን ረስቶ አጨበጨበ። እጁ የተሰበረው እንኳ በደህናው ጭኑን መታ። ሲስተር ጄሬም ትከሻቸው በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ወደ ቀጣዩ ሰው ሄዱ።

ያን ጊዜ ነው ባና ካቶንጎን እውነተኛው ፍርሃት የያዛት። ሳቁን አወቀችው። የለቅሶ ቤቱ ሳቅ ነው። ያው ሳቅ ከኋላቸው በመኪና ተሳፍሮ መጥቷል፤ በዚህ ሳቅ መሃል ወንድሟ ሲሞት ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። ካፔምብዋ በደህና እጁ አንድ ጣቷን ጨብጦ ነበር። ለሃጩ የሟቹን ኮት አንገት አርሶታል። ጭብጡ ላላ እያለ ነው፤ ወይም ላላ ያለ መሰላት፤ ልዩነቱን ማወቅ አልቻለችም።

ጣቷን አላቀቀች። የሲስተር ጄሬ እግር ስር ሄዳ ተንበረከከች።

እኛ ዘንድ ለአማት እንንበረከካለን፣ ለንጉሥ እንንበረከካለን፣ ለሽማግሌ ውሃ ስናቀርብም እንንበረከካለን። ለቀልድ ዘመድ ግን ማንም አይንበረከክም። ለንጎኒ የተንበረከከ ቤምባ ከጦርነቱ ወዲህ አልታየም፤ በጦርነቱም ጊዜ ታየ የሚሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ባና ካቶንጎ የመድኃኒት ውሃ በፈሰሰበት ሲሚንቶ ላይ በሁለት ጉልበቷ ወርዳ፣ መዳፏን አጋጥማ በቀስታ እያጨበጨበች፣ ለታላላቆች እንደሚደረገው፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«እናቴ፣ ይማሩኝ» አለች። «ቀልዱን ትቻለሁ። ወንድሜ አልሰከረም። ጠላው ያለው ኮቱ ላይ ነው። አፉን ያሽትቱት። እባክዎ፣ አፉን ብቻ።»

የሲስተር ጄሬ ሳቅ መሃል ላይ ተቆረጠ።

«ተነሺ» አሉ በሹክሹክታ፣ ዙሪያቸውን እያዩ። «ምን ነካሽ? ሰው እያየ! ተነሺ እንጂ!»

«መጀመሪያ ያሽትቱት።»

ያን ትልቅ ሰውነት ይዘው ከእባብ እንደሚሸሽ ሰው ከፊቷ ሸሹ፤ የሸሹት ግን ወደ አግዳሚው ነበር። አጎንብሰው የካፔምብዋን አፍ አሸተቱ። ኦቾሎኒና ሻይ። እንደገና አሸተቱ። ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ አንሥተው ለቀቁ፤ ቀኙ ባለበት ቆየ፣ ግራው ወርዶ አግዳሚውን መታ።

«አባቴ፣ ፈገግ ይበሉልኝ» አሉ።

በግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ። ከግማሹ ፈገግታ በላይ የሚያስፈራ ነገር አይታ እንደማታውቅ ባና ካቶንጎ እስከ ዛሬ ትናገራለች።

«ዶክተር!» ብለው ሲስተር ጄሬ ጮኹ። በሦስቱም ሰው ድምፅ። «ስትሮክ ነው! ዶክተር ሙኬላባይ!»

ዶክተሩ በሩን አጎንብሶ ገባ። የጠየቀው አንድ ነገር ነው። «መቼ ጀመረው?»

ንካታ፣ «በጣም በሳቅንበት ሰዓት» አለ።

«እሱ መቼ ነው?»

ንካታ በመስኮት ሰማዩን አየ። ባና ካቶንጎ ነጩን ጋውን ላለማየት የዶክተሩን ጫማ እያየች፣ «የቀትር ሳይረኑ ሲጮህ» አለች። «ከዚያ በፊት እግሩን የሚጎትተው በቀልድ ነበር፤ ለውጡን አውቀዋለሁ። ሳይረኑ ሲጮህ ነው የወደቀው። ለቅሶ ቤቱ ሙሉ ምስክር ነው።»

«የዛሬው ቀትር? እርግጠኛ ነሽ?»

ማኅተም ያለበት ወረቀት የምትፈራ ሴት ናት። «እርግጠኛ ነኝ» አለች።

«እንግዲያው ጊዜ አላለፈም። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ እንደሆነ ወይም ረግቶ እንደሆነ ሳላውቅ ግን መድኃኒቱን አልሰጠውም። አንዱን የሚያድነው ሌላውን ይገድላል። ወደ ሲቲ ስካን!»

ሲቲ ስካኑ ያለው በግቢው ሌላ ጫፍ ነው፣ መንገዱም ከመንደራችን መንገድ የተዋሰው ጉድጓድ ሁሉ አለበት። ተሽከርካሪው አልጋ ማሰሪያ የለውም። ዶክተሩ «ይወድቃል፤ የሚታሰርበት ነገር!» ሲል ባና ካቶንጎ ሳታስብ ሽርጧን ፈትታ ሰጠችው። ወንድሟ በሽርጧ ከአልጋው ጋር ታሰረ። እሷ በውስጥ ልብሷ ቀረች። የውስጥ ልብሷ ከዱቄት ጆንያ የተሰፋ ስለነበር፣ ሆስፒታሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሮጠችው ከጀርባዋ «ከእርጥበት ይጠበቅ» የሚል ጽሑፍ እንዳለባት ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ በሐፍረት መሬት ገብታ ነበር። ያን ዕለት አላወቀችውም።

የማሽኑ ሠራተኛ በር ላይ ቆሞ፣ «ወረፋ አለ። ነገ ጠዋት አምጡት» አለ።

ዶክተሩ አፉን ሊከፍት ሲል ባና ካቶንጎ ቀደመችው፤ ሰውየው ሊሰማት ጆሮውን ማስጠጋት ነበረበት። «ልጄ፣ ነገ የማመጣልህ ይሄንኑ ሰው ይሆናል ወይ?»

ሠራተኛው ተሽከርካሪውን ራሱ ይዞ ወደ ውስጥ ገፋው።

በሩ ተዘጋ። እሷ ከበሩ ውጪ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ቆመች። ማሽኑ ከውስጥ ያጉረመርማል። ንካታ ጃኬቱን አውልቆ ወገቧ ላይ አሰረላትና ሊያጽናናት ፈለገ፤ ሊያወራ የሚያውቀው ግን ቀልድ ብቻ ነው። እሷ እያሰበች የነበረችው አንድ ነገር ነው፤ የገዛ ሳቋን። በልቧ፣ እኔም ስቄያለሁ። መጀመሪያ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ሲዘረጋ፣ እኔም ስቄያለሁ። ማሽኑ ጸጥ ሲል ደግሞ ይህ ጸጥታ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራት ሰው ፈለገች። ማንም አልነበረም።

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ ወጣ። «ደም አልፈሰሰም። ረግቶ ነው የዘጋው። መድኃኒቱን እንጀምራለን።»

አላለቀሰችም። «ከዚያስ?» አለችው። መድኃኒቱን አስጀመረና ተመልሶ ነገራት። መዋጥ መቻሉ ሳይፈተሽ በአፉ ምንም አይገባም። አንድ ጎኑ እንዳይቆስል እየተገላበጠ ይተኛል። ሰው የሚያናግረው በደካማው በኩል ቆሞ ነው። እሷ ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ጠየቀች። አንዱን ብትረሳ ወንድሟ የሚሞት መሰላት፤ ስለዚህ ዶክተሩን ከመፍራት ይልቅ መርሳትን ፈራች።

በማግሥቱ ፀሐይ ሞቅ ስትል ንካታ በኦቾሎኒ የተሠራ ገንፎ በሳህን ይዞ መጣ። ጥፋቱን ሊክስ ነው። እኛ አገር ያልበላ በሽተኛ የሞተ ነው፤ ገንፎ ያልቀረበለትን ሰው ቤተሰቡ ትቶታል ይባላል። ባና ካቶንጎ ጨርቅ ልታጥብ ወጥታ ስትመለስ፣ ንካታ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ እንደ እናት «እ… እ…» እያለ ማንኪያውን ወደ ካፔምብዋ አፍ እያስጠጋ ነበር። ካፔምብዋም ያን ግማሽ አፉን ከፍቷል።

እጇን በማንኪያውና በከንፈሩ መሃል ሰደደች። ትኩሱ ገንፎ መዳፏ ላይ ተደፋ።

«ምን ሆነሻል?» አለ ንካታ። «በረሃብ ልትገድዪው ነው?»

«ሳንባው ውስጥ ይገባል!»

«ገንፎ? ሰው በገንፎ ሲሞት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሰው በሳቅ ሲሞትስ አይተህ ታውቃለህ? ትናንት ልናየው ነበር።»

ሲስተር ጄሬ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ከጩኸቱ በላይ የደነቃቸው የጮኸችው ማን እንደሆነች ነበር። ካፔምብዋን ቀና አድርገው፣ በማንኪያ ጫፍ ጠብታ የምታህል ውሃ ምላሱ ላይ አኖሩ። ሰውየው ትን ብሎት ፊቱ እስኪጠቁር ሳለ። ያ ሁሉ በጠብታ ውሃ ነው። ንካታ ሳህኑን እንደ ቦምብ ይዞ ወደ ኋላ ሄደ።

«ለሰባት ቀን አይጥ እንዳትበላ ቅጣት ጥዬብሃለሁ» አሉት ሲስተር ጄሬ። ከዚያ ለባና ካቶንጎ ቅባት አምጥተው መዳፏን በዝምታ ቀቡላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ምግብ በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ሲሰጠው ቆየ፤ መዋጡም ደጋግሞ ሲፈተሽ ቆይቶ አንድ ጠዋት ውሃዋ ያለ ሳል ወረደች።

ስፖርት የምታሠራው ባለሙያ ወደ ክፍሉ ብቅ የምትለው አልፎ አልፎ ነበር። ባና ካቶንጎ በር ላይ እየጠበቀች፣ «ልጄ፣ አንዴ አሳይኝና እኔ ልቀጥል» ትላታለች። ታየዋለች፣ ከዚያ ራሷ ታሠራዋለች። ከልባሽ ጨርቋ የሕፃናት ካልሲ ጠቅልላ ኳስ ሠርታ በደካማ እጁ ታስጨብጠው ነበር። መጀመሪያ ካልሲዎቹ ያሸንፉት ነበር። ቀስ በቀስ ጣቶቹ መነቃነቅ ጀመሩ። አንድ ቀን ሲስተር ጄሬ ሊያገላብጡት ጎንበስ ሲሉ፣ ካፔምብዋ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ፊቱ ወዝቶ፣ ከወደቀ ወዲህ የመጀመሪያውን ግልጽ ቃል ተናገረ። «አይጥ» አላቸው። ሲስተር ጄሬ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጡ፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

አሁን በከዘራ ይሄዳል። ግራ እጁ ኩባያ ትይዛለች፣ ሙሉ ባይሆንም። ቃላቱ ቀርፋፋ ናቸው፣ ስለዚህ ቀልዱን ጀምሮ እስኪጨርስ ሻይ ይቀዘቅዛል፤ ቢሆንም እንጠብቀዋለን። ዶክተር ሙኬላባይ በየጊዜው እየጠራው ያየዋል፣ መድኃኒቱንም ያስተካክልለታል።

ወሬውን የፈጠረው ንካታ ነው። መንበርከኩን ያየ ንጎኒ ሁሉ ሊዘፍንበት ይችል ነበር። ቤምባ ለንጎኒ ተንበረከከ ቢባል እስከ ልጅ ልጆቻችን ድረስ ሰላም አይኖረንም። ንካታ ግን ከገዛ ወገኖቹ ደብቆ፣ ሻይ ቤት ለሻይ ቤት እየዞረ፣ ዶክተሩ ታሰረ የሚለውን አስፋፋ። ንጎኒ ለቤምባ ከዚህ የበለጠ ውለታ ሊውል አይችልም።

ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። የካፔምብዋ የሐኪም ቀጠሮ ደርሷል፤ ወሬው ደግሞ በአውቶቡስ ሆስፒታሉ ድረስ ሊሄድ ነው።

ባና ካቶንጎ በሕይወቷ ሻይ ቤታችን ገብታ አታውቅም፤ ወንዶች የሞሉበት ቤት ነው። ትናንት ገባች። ንካታ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ሦስተኛውን ነርስ እያሰረ ነበር። ሰዉ ሁሉ ሲያያት አጨበጨበ። አንዱ፣ «ጀግናችን! እኔም ሚስቴ የታመመች ቀን ገመድ ይዤ ነው የምሄደው!» አለ።

እሷ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ንካታ፣ ውረድ» አለች።

ወረደ።

«ይሄ ወሬ ዶክተሩ ጆሮ ቢደርስ ያያን እንደ ወትሮው ያየዋል?»

ሁላችንም ልንሰማት ወደ ፊት አዘነበልን።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች። «ዶክተሩን አላሰርኩም። ነርስም አላሰርኩም፣ ዘበኛም አላሰርኩም። ማንንም በጫማ አልነዳሁም። በሽርጤ የታሰረው ወንድሜ ነው፣ ከአልጋው እንዳይወድቅ። ጀግናም አይደለሁም፤ ስንቀጠቀጥ ነው የዋልኩት። ወንድሜን ያሳየሁት ሲስተር ጄሬ እግር ስር ተንበርክኬ ነው። ለንጎኒ። በሁለት ጉልበቴ።»